ልጅ ራሱ ላይ ጨረር ሲታዘዝለት፦ ከማስኩ እስከ ጥናቱ ፈቃድ

ቀዶ ጥገናው አልፎ፣ ልጁ ከአልጋ ተነስቶ፣ ቤተሰቡ እፎይ ሊል ሲል ሐኪሙ «ጨረር ያስፈልገዋል» ይላል። ጥቁር አንበሳ ጨረር ክፍል ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አይጎዳውም ወይ?» ብሎ ነው። ይጎዳዋል፤ ዕጢው ግን ከዚያ የበለጠ ይጎዳዋል። የጨረሩን ጉዳት የሚቀንሰው ትልቁ ነገር አንድ ዓይነትነት ነው፦ ልጁ ዛሬ የተኛበትና ነገ የሚተኛበት ሁኔታ፣ ዛሬ የተሰጠውና ነገ የሚሰጠው መጠን፣ በዕቅዱ ላይ የተጻፈውና ማሽኑ ላይ የተሞላው ቁጥር አንድ መሆናቸው። አብዛኛው የባለሙያው ሥራ ነው። የወላጅ ድርሻ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ይበልጣል።

እዚህ እንደ ምሳሌ የምንይዘው ሜዱሎብላስቶማን ነው። ከራስ ቅል ጀርባ በታች በኩል፣ ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ላይ የሚበቅል ዕጢ ሲሆን በልጆች ላይ ከሚታዩት አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች ዋነኛው ነው። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚሰራጭ ጨረሩ ከራስ እስከ ጅራት አጥንት ድረስ ይሰጣል። ሌላ ዓይነት ዕጢ ያለበት ልጅ ቁጥሮቹ ይለዩበታል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከወረቀቱ ይጀምሩ

ዘውዲቱ ወይም ሌላ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ለጨረር ወደ ጥቁር አንበሳ የሚላክ ልጅ ሁለት ካርድ ቁጥር፣ ሁለት መዝገብ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓይነት የስም አጻጻፍ ይኖረዋል። ስለዚህ ከሪፈር ወረቀቱ ሌላ እነዚህን አስቀድመው ይያዙ፦ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የተነሳውን የራስ ኤምአርአይ፣ የጀርባውን ኤምአርአይ፣ ከወገብ የተቀዳውን ፈሳሽ ውጤት። የኤምአርአዩ ፊልም ብቻውን አይበቃም፤ ሲዲውን ይጠይቁ። ፊዚሲስቱ፣ ማለትም የጨረሩን መጠን የሚያሰላው ባለሙያ፣ ዕጢው የነበረበትን ቦታ ለጨረሩ ዕቅድ በሚነሳው ሲቲ ላይ የሚደርበው ከሲዲው ነው። ሲዲው ሲጠፋ እንደገና ኤምአርአይ ማንሳት ይመጣል፤ ወረፋውም ወጪውም ከባድ ነው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚነሳው ኤምአርአይ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ የቁስሉ እብጠትና ደም ከተረፈ ዕጢ ጋር ይምታታል፤ «ዕጢ ቀርቷል» ከተባለ ደግሞ የመድኃኒቱም የጨረሩም መጠን ይጨምራል። ከወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ግን መቸኮል የለበትም። ቀዶ ጥገናው ራሱ የበተናቸው ሕዋሳት እስኪጠሩ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል።

አሁን የልደት ቀን ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የተወለደው በ2017 ወይም በ2018 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «2010» ተብሎ እንዳለ ከተሞላ ልጁ በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ዕድሜ ደግሞ እዚህ ቤት ቀልድ አይደለም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጨረሩን በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) ማዘግየት የተለመደ ነው፤ ማደንዘዣ ያስፈልገው እንደሆነም አንዱ መመዘኛ ዕድሜ ነው። በየወረቀቱ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስጽፉ፤ ከጎኑም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይባልበት። ስሙም እንደዚሁ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሐና አንድ ቦታ በአንድ «ኤን»፣ ሌላ ቦታ በሁለት ትመጣለች፤ መዝገብ ፈላጊው ሁለት ልጅ አድርጎ ያስባታል። የአያት ስም ያልተጻፈበት ካርድ ካለ ያስሞሉ። በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም መምጣቱ እዚህ ከተማ አያስገርምም።

ጊዜው፦ ጨረሩ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ከ7 ሳምንት ማለፍ የለበትም። ወረፋው ከዚያ የሚያሳልፍ ከመሰለ ዝም ብሎ መጠበቅ ሳይሆን የቀዶ ጥገናውን ቀን ጠቅሶ ሐኪሙን «ሳምንቱ እያለፈ ነው፣ በመሃል ኬሞ ይጀመርለት ወይስ ወደ ሌላ ማዕከል ይላክ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቁጥሩን ይወቁት

የጨረር መለኪያው ግሬይ ይባላል። አንዳንድ ወረቀት ላይ በሴንቲግሬይ ይጻፋል፤ 1.8 ግሬይ እና 180 ሴንቲግሬይ አንድ ናቸው። መካከለኛ ስጋት ላለበትና 3 ዓመት ለሞላው የሜዱሎብላስቶማ ልጅ የተለመደው ለመላው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር 23.4 ግሬይ በ13 ቀን፣ ከዚያ ዕጢው ለነበረበት ቦታ ብቻ ተጨምሮ እስከ 54 ግሬይ፣ በጠቅላላው 30 ቀን ነው። በሽታው ከተሰራጨ ወይም ብዙ ከተረፈ የመጀመሪያው ክፍል 36 ግሬይ በ20 ቀን ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን ስለሚሰጥ ሰኞ የጀመረ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ይጨርሳል።

ደብተር ይግዙ። በየገጹ ቀን፣ «ስንተኛ ከስንት»፣ የዕለቱ መጠን፣ የተፈጠረ ነገር ካለ። ወላጅ ሐኪሙን ለመቆጣጠር አይደለም፤ 13ኛው ቀን ሲደርስ «ዛሬ የጀርባው ያበቃል አይደል?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ሲኖር ክፍሉ በሙሉ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ መዝገቡን ያያል። የሚፈለገውም ያ ነው።

ማስኩና የልጁ ፀጉር

ራስ የሚይዘው ማስክ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሞቀ ውሃ ውስጥ ይለሰልስና፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ፊት ላይ ተስቦ ከአልጋው ጋር ይታሰራል። ልጁ እንደ ሞቀ እርጥብ ፎጣ ይሰማዋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ የዚያ ልጅ ብቻ ነው። ወዲያው በላዩ ሲቲ ይነሳል፣ ዕቅዱም በዚያ ሲቲ ላይ ይሠራል። እንግዲህ ማስኩ የተሠራ ዕለት ራስ ላይ የነበረ ማንኛውም ነገር በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሹሩባ ጣጣ የሚያመጣው። እናት ልጇን አሳምራ፣ ጥብቅ አድርጋ ሠርታ ታመጣታለች። ጉንጉኑ የራስ ማስደገፊያው ላይ ጭንቅላቷን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጋል። በሳምንቱ ሹሩባው ይፈታል፤ ወይም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሯ መርገፍ ይጀምራል፤ ጭንቅላቷ ማስኩ ውስጥ ይላወሳል። ለራስ የሚታሰበው የስህተት ወሰን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከማስኩ ቀን በፊት ፀጉሩን ሙሉ ለሙሉ አሳጥሮ መቁረጥና ጨረሩ እስኪያበቃ እንደዚያው ማቆየት ይሻላል። ለወንዱ ቁንጮም ሕጉ ያው ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ጨሌ፣ ብረት ያለው ማስያዣ፣ ጉትቻ ሁሉ ይውለቅ። ቅቤም ይቅር። ቆዳ ላይ በእስክሪብቶ የተደረገውን ምልክት ያጠፋል፤ ቆዳው ሲቆጣም ማስኩ ሥር ያባብሰዋል።

ማተቡስ? ክሩ ጨረርን አይከለክልም፤ ችግሩ የተንጠለጠለው የብረት መስቀል ነው። ሲቲው ላይ የብርሃን ጭረት ይፈጥርና አንገት አካባቢ ምስሉን ያበላሻል። መስቀሉን አውልቆ ክሩን ከአንገት ወደ እጅ አንጓ ማዛወር ብዙ ቤተሰብ የሚስማማበት መፍትሔ ነው። ቅር ካለዎት የንስሐ አባትዎን ከማስኩ ቀን በፊት ያማክሩ እንጂ ልጁ አልጋው ላይ ተኝቶ ክርክር አይጀመር።

ሌላው ማስክ የሚያበላሸው ዴክሳ ነው። የአንጎል እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ፊትን ያሳብጣል፣ ያስርባል። ማስኩ የተሠራው ልጁ ዴክሳ ላይ ሳለ ከሆነ መድኃኒቱ ሲቀንስ ማስኩ ይሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ከተጀመረ ደግሞ ይጠበዋል። ማስኩ ተነስቶ ከ20 ደቂቃ በኋላም ግንባሩ ላይ ጥልፍልፉ ታትሞ ከቀረ ጠቧል። በጉንጩና በማስኩ መካከል ጣት የሚገባ ከሆነ ሰፍቷል። ሁለቱንም ለቴክኖሎጂስቱ ይንገሩ፤ አዲስ ማስክና አዲስ ሲቲ ሊያስፈልግ ይችላል። ዴክሳን ግን በራስ ውሳኔ አያቋርጡ። ቀስ በቀስ ሳይቀነስ በድንገት የቆመ እንደሆነ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ቶሎ አያመርትምና ልጁ ሊወድቅ ይችላል።

አለመንቀሳቀስ ለምን ይህን ያህል

የራሱ ጨረርና የጀርባው ጨረር አንገት ላይ ይገናኛሉ። ልጁ በአንድ በኩል ቢንሸራተት ሁለቱ ይደራረቡና ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ትርፍ ይወርዳል፤ በሌላ በኩል ከሆነ መካከሉ ባዶ ይቀርና ዕጢው እዚያ ሊያገረሽ ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ መገናኛውን በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ያዛውሩታል። «ትናንት መስመሩ እዚህ አልነበረም» ብለው የሚደነግጡ ወላጆች አሉ፤ ታቅዶ ነው። መጠየቁ ግን ምንጊዜም ጥሩ ነው።

በግምት ከ3 እና 4 ዓመት በታች ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል ማደንዘዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ከ7 እና 8 በላይ ያሉት አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም። መሃል ላይ ያሉትን የሚወስነው ዝግጅት ነው። ቤት ውስጥ ስጋጃ ላይ ያለ ትራስ በጀርባ ማስተኛት፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ መጀመሪያ እስከ መቶ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ መዝሙር እስኪያልቅ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ። በጨዋታ ይሁን፤ «ሐውልት» ቢሉት ይገባዋል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን እንደሚሆን፣ ከውጭ ግን በካሜራ እንደሚታይ ቀድመው ይንገሩት። ድምፅዎን ስልክ ላይ ቀድተው ተረት ቢያወሩለትና ውስጥ ቢከፈትለት ከብዙ ማባበል ይበልጣል። ጨረሩ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ማስተካከል ነው። የጀርባው ክፍል ባለበት ሳምንት ግን ከግማሽ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። አያምም። አንዳንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ብርሃን አየሁ ወይም ሽታ ሸተተኝ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ጨረሩ የዓይንና የማሽተት ነርቮችን ስለሚነካ የሚታወቅ ነገር ነው።

ማደንዘዣ ካለ ጾሙ በሰዓት ይቆጠራል፦ ምግብና ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት። ቀጠሮው ጠዋት 2፡00 ከሆነ እራት ከሌሊቱ 8፡00 በፊት ማለቅ አለበት፣ ጡት እስከ ሌሊቱ 10፡00፣ ውሃ እስከ ንጋት 12፡00። አጥሚት ምግብ ነው። ወተት ያለው ሻይ ወተት ነው። ጠበልም ውሃ ነው፤ በማለዳ አስጠምቀው አጠጥተው የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና ከ12፡00 በኋላ እንዳያጠጡት። «ትንሽ ዳቦ ብቻ ነው የቀመሰው» የሚለውን የሚደብቅ ወላጅ ልጁን ነው የሚጎዳው፤ ሲያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ይገባል። የአንድ ቀን መዝለል ከዚያ ይሻላል። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ መጾም ክብደት ስለሚያወርድ የማደንዘዣ ልጆች የማለዳው የመጀመሪያ ተረኛ እንዲሆኑ ይጠይቁ፤ ከነቃ በኋላ ደግሞ በደንብ ይብላ።

ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ በጠዋቱ የሚኒባስ ሰልፍ ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ ይዞ መንከራተት አይቻልም። ከተቻለ ልደታ፣ ሜክሲኮ ወይም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ማረፍ ይሻላል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትና ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ በመስጠት ይታወቃሉ፤ ሶሻል ወርከሯ ጋ ከመጀመሪያው ቀን ይመዝገቡ።

በየቀኑ በሩ ላይ

ልጁ ከመግባቱ በፊት የሚጠየቀው ስም ከነአባትና አያት፣ ካርድ ቁጥርና ፎቶ ነው። ቴክኖሎጂስቱ «ዮናታን ነህ?» ብሎ ከጠየቀ ልጅ «አዎ» ይላል፤ ልጅ ለነጭ ጋዋን ሁሉ አዎ ይላል። ጥያቄው «ስምህ ማነው?» መሆን አለበት፤ ካልሆነ እርስዎ ሙሉ ስሙን ጮክ ብለው ይናገሩ። ማስኩ ላይ የተጻፈውን ስምም ያንብቡ። ከመደርደሪያ የወረደ የሌላ ልጅ ማስክ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ግን የእኩያ ልጅ ማስክ ሊገጥም ይችላል።

ሁሉም ሰው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ መብራቱ ይበራል። በሩ ከተከፈተ ጨረሩ ይቆማል፤ ስለዚህ ልጁ ቢያለቅስ በሩን ለመክፈት አይሩጡ፣ ለቴክኖሎጂስቱ ይንገሩ፤ ማቆሚያው እጁ ላይ ነው። ልጁ ሲወጣ ጨረር ይዞ አይወጣም። ቢያቅፉት፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ቢተኛ፣ ነፍሰ ጡር አክስቱ ብትስመው ምንም የለም። በአንዳንድ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ ለብቻው ሲመገብ ይታያል፤ መሠረት የሌለው ጭካኔ ነው።

ማሽኑ ሊናክ ከሆነ ጨረሩ በኤሌክትሪክ የሚፈጠር ነው፤ ሲጠፋ የለም። ኮባልት ከሆነ ግን ምንጩ ራሱ ነው የሚያመነጨው፣ ኃይሉም በ5.27 ዓመት ግማሽ ይሆናል፤ በወር አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ በኮባልት ላይ ያለ ልጅ ደቂቃው በየወሩ ትንሽ ቢረዝም ትክክል ነው፤ ምንጩ አዲስ ሲተካ ደግሞ በአንድ ጊዜ ያጥራል። አደጋው ያለውም እዚያ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኮስታሪካ ሳን ሆሴ አዲስ የኮባልት ምንጭ ሲለካ 0.3 ደቂቃ ማለትም 18 ሰከንድ የነበረው እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ። ምንጩ ከትክክለኛው ይልቅ ደካማ መሰለ፣ የሕክምናው ጊዜም ያለ አግባብ ረዘመ፤ ከመቶ በላይ ሕሙማን ትርፍ ጨረር ወሰዱ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩ። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ግላስጎው ደግሞ የአንጎል ዕጢ የነበረባት ታዳጊ ለራስና ለጀርባ ከታቀደላት በ58 በመቶ የበለጠ ጨረር ወሰደች። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ኮምፒውተሩ ተሻሽሎ የቁጥሩ አሞላል ሲቀየር በቀድሞው ልማድ ስለተሞላ ነው።

ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ ስህተቱ በአብዛኛው የሚገባው አንድ ነገር በተቀየረበት ዕለት ነው። አዲስ ምንጭ፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ማሽን ተበላሽቶ ወደ ሌላ ማሽን መዛወር፣ ከጀርባው ወደ ዕጢው ቦታ የሚታለፍበት 14ኛው ቀን። በእነዚህ ቀናት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፤ በትሕትና፣ ግን መልስ እስኪያገኙ፦ «ስሌቱን ከሠራው ሰው ሌላ ማን አየው?» እና «የመጀመሪያው ቀን ምስል ተነስቶ ከዕቅዱ ጋር ተነጻጽሯል?» ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ካለ በመጀመሪያው ቀን ይደረግለት እንደሆነም ይጠይቁ። በአገራችን የጨረር ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 የሚገዛ ስለሆነ ይህ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም።

ቀን ሲዘለል

ዕጢው በበዓል አያርፍም። ፒኔት-3 በተባለው ጥናት ጨረሩን በ50 ቀን ውስጥ የጨረሱት ልጆች በ3 ዓመት ያለ ማገርሸት የቆዩት 78.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ ያለፉት 53.7 በመቶ ነበሩ። 30 ቀን የታዘዘለት ልጅ ከሰኞ እስከ መጨረሻው ዓርብ 40 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ለብልሽት፣ ለመብራትና ለበዓል ያለው ትርፍ 10 ቀን ብቻ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሚጀምር ልጅ ገናም ጥምቀትም ይጠብቁታል። በመጀመሪያው ቀን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ቁጭ ብለው የሚዘጋባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። የተዘለለ ቀን እንዴት እንደሚካካስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቅዳሜ መጨመር አንዱ መንገድ ነው፣ በአንድ ቀን ሁለቴ መስጠት ሌላው ነው። ሁለቴ ከሆነ ግን በመካከላቸው ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር፤ ጤነኛው አንጎል ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ነው። ስልክዎን በሁለት ቁጥር ያስመዝግቡ፤ ማሽን ተጠግኖ ወላጅ ስላልተገኘ የሚዘለል ቀን ያሳዝናል።

የማይታለፉ ምልክቶች

የጀርባው ጨረር መቅኒን ስለሚነካ ደም በየሳምንቱ መታየት አለበት። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር አይቻልም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል። ማስመለስ የሚጠበቅ ነው፤ መከላከያው ኦንዳንሴትሮን ከጨረሩ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይሰጣል እንጂ ካስመለሰ በኋላ አይጠበቅም። ነገር ግን በማለዳ ራስ ምታት ያለው፣ እየባሰ የሚሄድ፣ ከእንቅልፍ ለማንቃት ከማስቸገር ወይም ከዓይን መንሸዋረር ጋር የመጣ ማስመለስ የጨረር አይደለም ብለው ይጠርጥሩ። ሹንት (የአንጎል ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ) ያለው ልጅ ከሆነ ተዘግቶ ይሆናል፤ ሰዓታት ናቸው ያሉት።

ጨረሩ አልቆ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሊተኛ፣ ሊነጫነጭ፣ ምግብ ሊጠላ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ «በሽታው ተመለሰ» ብሎ ይሸበራል፤ በአብዛኛው ግን ከጨረር በኋላ የሚመጣ፣ በሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚያልፍ እንቅልፋምነት ነው። ቢሆንም ሐኪም ሳያየው ይህ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ጥናት ውስጥ ይግባ ሲባሉ

ጥቁር አንበሳ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ አንድ ቀን ቅጽ የያዘ ሰው አጠገብዎ መቀመጡ አይቀርም። መጀመሪያ የሚለየው፦ የሚጠየቁት መረጃ ለመስጠት ነው፣ ተጨማሪ ምርመራ ለማድረግ ነው ወይስ ሕክምናው ራሱ በጥናቱ ሊቀየር ነው? የመጀመሪያው ብዙ አያሳስብም። ሦስተኛው ግን ሌሊት ወስዶ የሚታሰብበት ነው።

ዕጣ የሚጣልበት ጥናት ሰውን ያስፈራል። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ከጨረር የተሻለ ምሳሌ የለም። ለትንሽ ልጅ አነስ ያለ ጨረር ደግነት ይመስላል፤ ማንም ወላጅ ቢጠየቅ እሱን ይመርጣል። በሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ካንሰር ተመራማሪዎች ኤሲኤንኤስ0331 በተባለው ጥናታቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉትን መካከለኛ ስጋት ያለባቸውን ልጆች በዕጣ ከፍለው ግማሹን የተለመደውን 23.4፣ ግማሹን 18 ግሬይ ሰጡ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር፦ በ5 ዓመት ያለ ማገርሸት የቆዩት በተለመደው መጠን 82.9 በመቶ፣ በአነስተኛው 71.4 በመቶ። በሌላ በኩል በዚያው ጥናት ተጨማሪው ጨረር የሚሰጥበትን ቦታ ከኋለኛው የራስ ቅል ክፍል በሙሉ ወደ ዕጢው ሥፍራ ብቻ ማጥበብ ጉዳት አላመጣም፤ በጠበበው 82.5 በመቶ፣ በሰፊው 80.5 በመቶ ነበር። አንዱ ደግነት እውነተኛ፣ አንዱ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን በግምት የሚለይ ሐኪም አልነበረም።

ቅጹ ላይ የሚታይ፦ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ ማኅተም፣ ቀንና የቅጹ እትም አለ ወይ? በሚገባዎት ቋንቋ ነው ወይ፣ ካልሆነ ማን ይተረጉማል? አዲስ መድኃኒት ካለበት ከቦርዱ ሌላ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? ለጥናቱ ብቻ የሚደረገውን ኤምአርአይ ወይም የደም ምርመራ ማን ይከፍላል? ልጁ ለጥናቱ ሲባል ብቻ ማደንዘዣ ይወስዳል ወይ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ቅጹ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የት፣ ለስንት ጊዜ፣ ለሌላ ጥናት ይውላል ወይ? ልጁ ቢጎዳ ማን ያክመዋል? ስሙ በኮድ ይተካል ወይ፣ የኮዱ ቁልፍ ማን ጋ ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ይህን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

ቅጹን ወስደው ቤት ያንብቡት፤ «አሁኑኑ ይፈርሙ» የሚል ካለ የዚያን ዕለት አይፈርሙ። እምቢ ማለት ወረፋዎን አያስረዝምም፣ መሃል ላይ መውጣትም ይቻላል፤ ቅጹ ይህን በግልጽ ካልጻፈ ጎዶሎ ነው። ነገር የሚገባው ልጅ ካለ እሱም በራሱ ቋንቋ ተነግሮት እሺታው ይጠየቃል። አባት ፈርሞ ልጁ እምቢ ካለ ይቆይ። የፈረሙበትን ቅጂ፣ የቦርዱ ስልክ ያለበትን ገጽ ጨምሮ፣ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ግን ጥናት ኖረም አልኖረም ከመጀመሪያው የጨረር ቀን በፊት ይደረግ፦ የመስማት ምርመራ፣ ቁመትና ክብደት፣ የታይሮይድ ደም ምርመራ፣ ከተቻለ የማስታወስና የትምህርት ችሎታ ምዘና። መነሻው ካልተለካ ከሁለት ዓመት በኋላ «ከጨረሩ ነው ወይስ ከዕጢው?» ለሚለው መልስ አይገኝም።

ካለቀ በኋላ የሚቀረው ወረቀት

ጀርባው ሲታከም የአከርካሪው አጥንት ሙሉውን እንዲያገኝ የሚደረገው አውቆ ነው፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ግማሹ ብቻ ጨረር ካገኘ አጥንቱ አዘንብሎ ስለሚያድግ ነው። በዚህም ምክንያት ልጁ ተቀምጦ ሲለካ ያጥራል። የዕድገት ሆርሞንና ታይሮይድ ከዓመታት በኋላ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ሲስፕላቲን የተባለው ኬሞ ከጨረሩ ጋር ሲጨመር ጆሮን ይጎዳል። መምህሩ «ሰነፈ» የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሆኖ የማይሰማ ወይም ለመጻፍ ጊዜ የሚያንሰው ልጅ ነው። የፊት ወንበርና በፈተና ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቁለት፤ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ያስጽፉ። ቁመት በየ6 ወሩ፣ ታይሮይድና መስማት ቢያንስ በየዓመቱ።

ከመጨረሻው ቀን በፊት የሕክምናውን ማጠቃለያ ይጠይቁ፤ ክፍሉ ሥራ ሲበዛበት «በኋላ ይምጡ» ይባልና ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የዕጢው ዓይነት፣ ለጀርባና ለራስ የተሰጠው ግሬይ፣ ለዕጢው ቦታ የደረሰው ጠቅላላ ግሬይ፣ የቀናቱ ብዛት፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የወሰደው ኬሞና የሐኪሙ ፊርማ ይኑር። ሦስት ኮፒ ያስነሱ፤ ዋናውን ላሚኔት አያስደርጉት፣ ማኅተም የሚጨመርበት ቀን ይመጣል። ፎቶውን ስልክ ላይ፣ አንዱን ኮፒ ዘመድ ቤት። ዛሬ 6 ዓመት የሆነው ልጅ 30 ዓመት ሲሞላው አንድ ሐኪም «ስንት ግሬይ ወስደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል።